ኤስኤስዲን ለሊኑክስ ማዘጋጀት

ኤስኤስዲን ለሊኑክስ ማዘጋጀት ማለት መረጃን በፍላሽ ሜሞሪ የሚይዝን ዲስክ ስርዓተ ክወናው ከመጫኑ በፊት ማጽዳት፣ መከፋፈልና ፎርማት ማድረግ ነው። ከሃርድ ዲስክ አዘገጃጀት የሚለየው በፍላሽ ባሕርይ ነው፤ ፍላሽ የሚጻፈው በገጽ በገጽ ሲሆን የሚሰረዘው ግን ብዙ ገጾች ባሉት ብሎክ ነው፤ በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍም አይቻልም። ስለዚህ ስርዓተ ክወናው የማይፈለጉ ቦታዎችን ለዲስኩ የሚያሳውቅበት ትሪም የተባለ ትእዛዝ ወጣ፤ የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ዕትም 2.6.33 ለሳታ ዲስኮች ይደግፈው ጀመር።

ያገለገለ ዲስክ «ብሎክዲስካርድ» በተባለው መሣሪያ ባንዴ ይጸዳል፤ የዲስኩን ስም መሳሳት ግን የሌላ ዲስክ መረጃ ያስጠፋል። ዋናው ጥንቃቄ የክፍልፋዩ መነሻ ነው። የድሮ የመከፋፈያ መሣሪያዎች ከሴክተር 63 ይጀምሩ ስለነበር የስርዓተ ፋይሉ ወሰን ከፍላሹ ገጽ ወሰን ጋር አይገጥምም፤ አንድ የመጻፍ ሥራ ሁለት ገጽ እየነካ ዲስኩን ያዘገየዋል፣ ዕድሜውንም ይቀንሳል። የአሁኖቹ ከሴክተር 2048፣ ማለትም ከ1 ሜጋባይት ስለሚነሱ ችግሩ እምብዛም አያጋጥምም። በዩኢኤፍአይ በሚነሳ ኮምፒውተር ላይ የጂፒቲ የክፍልፋይ ሰንጠረዥ፣ በፋት32 የተዘጋጀ የማስነሻ ክፍልፋይና በኤክስት4 የተዘጋጀ ዋና ክፍልፋይ ይበቃሉ። ስርዓተ ክወናው ከተጫነ በኋላ ትሪም በየሳምንቱ «ኤፍስትሪም» በተባለው መሣሪያ እንዲካሄድ ይደረጋል።