ባሕርን ወደ ቁስቋም ለማምጣት

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ካልጣፈጠ ድንጋይ ነህ ተብሎ ይጣላልና። እኔ ግን ያለፉትን ወራት ከጨውም ከድንጋይም ጋር ስውል ሳድር ከርሜ፣ ተረቱ ያልነገረን ነገር እንዳለ ተረዳሁ። ድንጋዩም የማይጣልበት፣ ጨውም መጣፈጡ ብቻ የማይበቃው ሥራ አለ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሥራ ነው፤ ባሕርን ከነነፍሱ ወደ ደረቅ ምድር ለማምጣት ስለደከሙ ሰዎችና ከእነርሱ ስለተማርሁት ትምህርት።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ነው። በምጽዋ የባሕር ኃይል ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ወደቡ በጦርነት ከመያዙ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በሕመም ምክንያት ወደ ጎንደር ተመለሱ። ይዘውት የመጡት የባሕር ትዝታ አንድ ነጭ የኮራል ድንጋይ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ከራስጌያቸው አይለይም። አምና ዓይናቸው እየደከመ መሄዱን ሐኪም ሲነግራቸው፣ «ያን ዓሣ አንድ ጊዜ ባየው» አሉኝ። «የትኛውን አባባ?» ብላቸው፣ «ብርቱካን የሚመስለውን፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን» አሉ።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ወጪና ገቢ ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። በእጄ የነበረው የሦስት ወር ደመወዝ ያህል ቁጠባ ነው። በዚያ ገንዘብ ቤቴ ውስጥ አንድ መቶ ሊትር ባሕር ለማቆም ምን ልግዛ፣ ምንስ ልተው? መልሱን ፍለጋ የገባሁት ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ታሪክ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ያስደነቀኝ የዓሣው ስም ነው። በ1830 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ሲሆን፣ የሰጠው የላቲን ስም፣ ቢሲንክቱስ፣ ትርጉሙ «ሁለት ጊዜ የታጠቀ» ማለት ነው። አባቴ ላቲን ሳይማሩ ያሉት ይህንኑ ነበር። ሩፔል በ1832 ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ እስከ 1833 ድረስም ጎንደር ተቀምጧል። ከእርሱ በፊት ጄምስ ብሩስ በዚያው በር ገብቶ፣ በ1770 ጎንደር ሲደርስ እዚሁ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ምጽዋና ቁስቋም ለካ የሩቅ ጎረቤቶች ኖረዋል። የስሜኑን ዋልያና ጭላዳ በ1835 በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ይኸው ሩፔል ነው፤ የተራራችን ፍየልና የአባቴ ዓሣ የክርስትና አባታቸው አንድ መሆኑ ነው።

ሩፔል የሰበሰበው ግን ቆዳና ሬሳ ነበር። የባሕርን ፍጥረት ከነሕይወቱ ከባሕር ማራቅ ገና አልታወቀም። ይህን ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዷ አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ወይዘሮ ናት። በ1846 ከባሕር ዳርቻ ያገኘቻቸውን ትናንሽ ኮራሎች ይዛ ወደ ለንደን ተመለሰች። ባሕሩ ሩቅ ነውና ውሃውን በየቀኑ መለወጥ አልቻለችም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ ውሃውን በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች ታናፍሰው ጀመር። ቆይቶም የባሕር ተክል ጨመረችበት፤ ኮራሎቹም ሰነበቱ። የሠራተኛዪቱን ስም ያነበብሁበት ቦታ የለም። ነገር ግን የዓለም የመጀመሪያው የአኳሪየም ፓምፕ የእርሷ ክንድ ነበር ብል አላጋነንሁም።

ከዚህ የተማርሁት፣ ውሃ ካልተንቀሳቀሰ እንደማይተነፍስ ነው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን እንኳ አይሞላም። በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ከዝርዝሬ ላይ ፓምፑን አልቀነስሁም፤ ለመቶ ሊትር ውሃ በሰዓት ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ የሚያንቀሳቅስ፣ ከእርሱም ጋር መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ነፊ ገዛሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጨው ነበር። ሐሳቤ ወደ አሞሌ ሄደ። አሞሌ በዚህች ከተማ ገበያ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ሲቆጠር የኖረ የሙያዬ ቅድመ አያት ነው። የተቆረጠበት የአፋር ረባዳም ቢሆን በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ሞልቶበት የነበረ ምድር ነው፤ በዳርቻው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ኮራሎች ዛሬም ይታያሉ። የባሕር ልጅ ከሆነ ታዲያ ውሃ ጨምሮ ባሕር ማድረግ አይቻልምን? አይቻልም። በባሕር ውስጥ ካለው ጨው ከመቶ 85 ያህሉ የምግብ ጨው ነው፤ በቀረው ውስጥ ግን ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዥየም አለ፤ በሊትር ካልሲየሙ 400፣ ማግኒዥየሙ 1,300 ሚሊግራም ይጠጋል። ባሕር ሲደርቅ እነዚህ በየተራቸው ይለያሉ እንጂ ከምግብ ጨው ጋር አብረው አይረጉም። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ጎስ በ1854 የተለያዩ ጨዎችን ቀምሞ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ያዘጋጀው ለዚህ ነበር። አሞሌን በፍቅር አልፌ የተቀመመውን ጨው መረጥሁ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ከጨው መጠን መለኪያው ጋር በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ለመቶ ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል ይበቃል፤ በየጊዜው ለሚለወጠው ውሃ ደግሞ ትርፍ ያሻል።

ሦስተኛው አስተማሪዬ የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ውድ ማጣሪያ ሳይኖር ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ ባሕርን ሊያኖሩ እንደሚችሉ አሳየ። ምስጢሩ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የዓሣውን መርዛማ እዳሪ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እነርሱ እስኪራቡ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን ስኪመር የሚሉትን መሣሪያ ከዝርዝሬ የሰረዝሁት በዚህ ሰው ምክር ነው፤ በምትኩ ጥቂት ዓሣና ብዙ ትዕግሥት ጻፍሁ።

እንግዲህ መዝገቤ ይህን ይመስላል። ገንዳውን የሰፈራችን መስተዋት ቆራጭ በሲሊኮን አጣብቆ ሠራልኝ፤ እዚህ ላይ ቆጠብሁ። መብራቱም መካከለኛ ነው፤ ብዙ ብርሃን የማይሻ ለስላሳ ኮራል ለኋላ ይደርሳል። የጎንደር ሌሊት ብርድ ነውና ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ የሚያቆም ማሞቂያ ግን ግድ ሆነ። በጨው፣ በፓምፕ፣ በማሞቂያና በመለኪያ አልተሰሰትሁም። ያለኝ ትንሽ ሲሆን ጥበቡ ርካሹን ማወቅ ሳይሆን የማይቆጠበውን ማወቅ ነው፤ ከዓሣውም በፊት ጊዜን መክፈል ነው።

ይህ የመጨረሻው ክፍያ ከሁሉ ከበደኝ። የአባቴ ዓይን አይጠብቅም። ዓሣውን ዛሬ ባስገባው አባቴ ያዩታል፤ ነገር ግን በሳምንቱ ሲሞት ደግሞ ያዩታል። ስለዚህ ባዶውን ውሃ እየተመለከትን እንጠብቃለን። መብራት በጠፋ ጊዜ አየር ነፊው እየሠራ እንኳ አባቴ አያምኑትም፤ ወንበራቸውን ስበው በጣሳ ውሃውን እየቀዱ መልሰው ያፈስሱታል። ያቺ ስሟ ያልታወቀ የለንደን ሠራተኛ ትዝ ትለኛለች።

ውሃው በተቀመመበት ምሽት ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ጨው ያንሰዋል» አሉ። መለኪያውን አየሁት፤ በሊትር 35 ግራም፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው። ልከራከራቸው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ 35 የዓለም ውቅያኖስ አማካይ ነው፣ ቀይ ባሕር ግን ወደ 40 ይጠጋል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ምላሳቸው ምጽዋን አልረሳም።

በዚያች ሌሊት በሒሳብ መዝገቤ ጠርዝ ላይ ይህችን ጻፍሁ፤

ጨው ነበርሽ ገንዘቤ፣ ስቆጥርሽ የኖርሁ፤
ስትቀልጪ በውሃ፣ ቀይ ባሕርን አየሁ።