ሰይፍ የተከለው እምነት፦ ከቼክ ምድር የስድስት መቶ ዓመት ታሪክ

በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ፣ አሮጌው ከተማ አደባባይ ላይ ሁለት ሐውልቶች ይታያሉ። አንዱ በ1415 በእሳት ተቃጥሎ የሞተው ሰባኪ የያን ሁስ መታሰቢያ ነው። ሌላው በጫፉ ላይ የማርያም ምስል ያለበት ረጅም ዓምድ ነው። ዓምዱ በ1650 ተተከለ፤ በ1918 ሕዝቡ ጎትቶ ጣለው፤ በ2020 እንደገና ቆመ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ሐውልቶች መካከል ለሚያልፈው ሰው ግን ዛሬ ነገሩ ብዙም አያሳስበውም። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሃይማኖት እንደሌለው ተናግሯል፤ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ጥያቄውን ሳይመልስ አልፎታል።

ሉተር ከመወለዱ በፊት ተሐድሶን ያየ ሕዝብ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ “ኮሚኒስቶች ናቸው” የሚል ነው። እውነትም ኮሚኒስቶች ከ1948 እስከ 1989 ሲገዙ ቤተ ክርስቲያንን ብዙ አስጨንቀዋል። በሚያዝያ 1950 በአንድ ሌሊት ፖሊስ ገዳማትን ከቦ መነኮሳቱን አጋዘ። ነገር ግን በጎረቤት ፖላንድም ኮሚኒስቶች አርባ ዓመት ያህል ገዝተዋል፤ የፖላንድ አብያተ ክርስቲያናት ግን በሕዝብ እንደተሞሉ ቆዩ። ስለዚህ የነገሩን ሥር ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን መፈለግ አለብን።

ሁስ ከ1402 ጀምሮ በፕራግ ቤተልሔም ጸሎት ቤት በሕዝቡ ቋንቋ በቼክኛ ይሰብክ ነበር። የካህናትን ንግድና የኃጢአት ስርየት ሽያጭን ተቃወመ። የኮንስታንስ ጉባኤ ወደ ስፍራው ሲጠራው የጀርመን ንጉሥ የደኅንነት ዋስትና ሰጥቶት ነበር፤ ሆኖም ሐምሌ 6 ቀን 1415 አቃጠሉት። እርሱን በእሳት ዝም ማሰኘት ይቻላል ብለው አስበው ነበር፤ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አገሩ በጦርነት ተቀጣጠለ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለራሳችን በሚመች መንገድ ብቻ እንዳናነብ እንጠንቀቅ። የሁስ ተከታዮችም ሰይፍ አነሡ። ገዳማትን አቃጠሉ፤ የጦር መሪያቸው ያን ዢዥካ ከራሳቸው ወገን “መናፍቃን ናቸው” ያላቸውን ሰዎች በ1421 ገደለ። ይህን ሁሉ ያየው ገበሬና ጸሐፊ ፔትር ኼልቺትስኪ፣ ክርስቲያን እምነትን በሰይፍ ሊጠብቅም ሊያስፋፋም አይገባውም ብሎ አስተማረ። ትምህርቱን የተቀበሉ ጥቂት ሰዎች በ1457 ኩንቫልድ በምትባል መንደር ተሰብስበው የወንድሞች ኅብረትን መሠረቱ።

ጦርነቱ ሁሉንም ካደከመ በኋላ በ1485 በብር ማዕድኗ በታወቀችው ኩትና ሆራ ከተማ አንድ ስምምነት ተደረገ። ካቶሊኮችና ጽዋውን ለምእመናን የሚሰጡት የሁስ ተከታዮች በሕግ እኩል ሆኑ። ጌታው የመረጠውን እምነት ገባሩ እንዲቀበል ማስገደድም ተከለከለ። ስምምነቱ ለ31 ዓመት የተደረገ ቢሆንም፣ በ1512 ዘላቂ እንዲሆን ተወሰነ። ጉድለት ነበረበት፤ የወንድሞች ኅብረትን አላካተተም። ቢሆንም በዚያ ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያለ ሕግ ብርቅ ነበር። ከዚህ በኋላ በነበረው ዘመን ወንድሞች መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ወደ ቼክኛ ተርጉመው ከ1579 እስከ 1593 በስድስት ቅጽ አሳተሙ። የክራሊትሰ መጽሐፍ ቅዱስ ይባላል፤ የቼክኛ ሥነ ጽሑፍም መለኪያ ሆነ።

ይህ ሰላም በኅዳር 8 ቀን 1620 ፈረሰ። በፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ በተደረገው ውጊያ የሃብስበርግ ንጉሠ ነገሥት ጦር አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት 27 የዓመፁ መሪዎች በዚያው በአሮጌው ከተማ አደባባይ ተገደሉ። በ1627 የወጣው ሕግ በቦሄሚያ ከካቶሊክ በቀር ሌላ የክርስትና እምነት እንዳይኖር አዘዘ። መኳንንቱና የከተማ ሰዎች ወይ እንዲለወጡ ወይ አገር ለቀው እንዲሄዱ ተደረገ። ታላቁ መምህር ኮሜኒየስ በ1628 ተሰደደ፤ በ1670 በአምስተርዳም እስኪሞት ድረስ አገሩን ለኑሮ አልተመለሰባትም። ገባሩ ግን ለመሰደድም መብት አልነበረውም። መጽሐፍ ቅዱሱን ከወለል ሥር ቀብሮ፣ ወደ ታዘዘበት ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ አብዛኛው ሕዝብ በግድ የተሰጠውን እምነት ወደደው። መንፈሳዊ ጉዞው፣ ዝማሬው፣ ውብ ሕንጻው የሕዝቡ ሀብት ሆነ። ልቡ ያልሻረው በአንድ ነገር ነው፦ በታሪኩ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሊቁ ፓላትስኪ የአገሩን ታሪክ ሲጽፍ የሁስን ዘመን የሕዝቡ ታላቅ ዘመን አድርጎ አቀረበው። ያን ጊዜ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑ ያቃጠለችውን ሰው “ጀግናዬ” ይል ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑን ከሃብስበርግ ዙፋን ለይቶ ማየትም አልቻለም። በ1918 ዙፋኑ ሲወድቅ ዓምዱ አብሮ ወደቀ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ለቀቀ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ኮሚኒስቶች ሲመጡ ያገኙት ቀድሞ የላላ ምሰሶ ነበር።

የአገሩ ደንም ይህን የሚመስል ነገር ደርሶበታል። ቀድሞ ቢች፣ ኦክና ፈር የተባሉ ዛፎች ተቀላቅለው ይበቅሉበት ነበር። እነርሱ ለማዕድን ጉድጓድ፣ ለብርጭቆና ለብረት ሥራ ሲጨፈጨፉ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በቦታቸው ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዓይነት በተርታ ተተከለ። ፈጥኖ ያድጋል፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ትርፍ ያመጣል። በመጨረሻም የደኑን ግማሽ ያህል ያዘ። ከ2015 ጀምሮ ድርቅ ሲደጋገም ግን፣ ቅርፊት ሥር የሚኖር ትንሽ ጥንዚዛ አንድ ዓይነት የሆነውን ደን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሻገረ አደረቀው። ዛሬ የደን ባለሙያዎች በባዶው ተራራ ላይ ቢችና ኦክ ቀላቅለው ይተክላሉ። በእርግጥ ሰው ዛፍ አይደለም። ደኑ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ በትእዛዝ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ጠንካራ መስሎ ለብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል፤ ድካሙ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው።

ከወለል ሥር የተቀበረው መጽሐፍስ? በ1722 ከሞራቪያ የሸሹ ቤተሰቦች በጀርመን ምድር ሄርንሁት የተባለችውን መንደር መሠረቱ፤ ከዚያች ትንሽ መንደርም ወንጌል መልእክተኞች ወደ ብዙ አህጉር ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ሐኪሙ ሆከር በ1752 ወደ ግብፅ የሄደው ኢትዮጵያ ለመድረስ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም። በአገር ቤት የቀሩት ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1781 የሃይማኖት መቻቻል አዋጅ ሲያወጣ ከተደበቁበት ብቅ አሉ። ከ150 ዓመት ዝምታ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸውን አስመዘገቡ። የጸሎት ቤታቸው ግንብና ደወል እንዳይኖረው፣ በሩም ወደ መንገድ እንዳይከፈት ታዘዘ። ሰባኪ ስላልነበራቸው ቼክኛ ገና መማር የነበረባቸው አገልጋዮች ከሃንጋሪ መጡላቸው። ያን ሁሉ ዘመን እምነቱን ያቆዩት መሳፍንት ወይም ሠራዊት አልነበሩም፤ ማታ በር ዘግተው ለልጆቻቸው ያነበቡ እናቶችና አባቶች ነበሩ።

በታኅሣሥ 1999 የሮማው ጳጳስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በሁስ ላይ በተፈጸመው ጭካኔ የተሞላ ሞት ጥልቅ ሐዘናቸውን ገለጹ። ከ584 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሰይፍ በአንድ ቀን የሠራውን ለመጠገን ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ በእጃችሁ ሰይፍ የለም። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙን በቁጣ ወደ ጸሎት የሚጎትት፣ ጥያቄ ያነሣውን ጓደኛ በኅብረቱ ፊት የሚያሳፍር፣ ቁጥራችን ሲበዛ ሌላውን ዝም እናሰኛለን ብሎ የሚመኝ ከመካከላችን አይጠፋም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እስቲ ተወያዩበት፦ እናንተ ዛሬ ያላችሁን እምነት ማን ሰጣችሁ? የሰጣችሁስ በምን ዓይነት እጅ ነበር?