ከዲዴሳ መርፌ እስከ ፓሪስ ቤተ ሙከራ

ከነቀምት ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ የዲዴሳን ሸለቆ ያቋርጣል። የቆላ ዝንብ በሚኖርበት በዚህ ሸለቆ ገንዲ የተባለው የከብት በሽታ የአርሶ አደሩ የቆየ ጠላት ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ትራይፓኖሶም የተባለው ጥገኛ ከብቱን አክስቶ፣ ደሙን አሳንሶ በሬን ከቀንበር ያወጣል።

ዛሬም የሚወጉት መድኃኒቶች የ1950ዎቹ ውጤቶች ናቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆሚዲየም በ1952፣ ዳይሚናዚን በ1955 መጡ፤ አይሶሜታሚዲየም ተከተለ። ሦስቱም የጥገኛውን ዲኤንኤ ይይዛሉ። ሆሚዲየም በዲኤንኤው መሰላል እርከኖች መካከል ይሰካል፤ ዳይሚናዚን በጠባቡ ጎድጓዳ በኩል፣ በተለይ ኤ እና ቲ የተባሉት ፊደላት በተደጋገሙበት ይጣበቃል። የትኛውን ጂን ዝም እንደሚያሰኙ ግን አይመርጡም።

መምረጥ የሚችለው ዘዴ በ1978 መጣ። ፖል ዛሜችኒክና ሜሪ ስቲቨንሰን 13 ፊደል ባለው አጭር ዲኤንኤ የራውስ ሳርኮማ ቫይረስን መራባት ገቱ። አንቲሴንስ የሚባለው ይህ ቅንጣት ከመልእክተኛ አርኤንኤ ጋር ፊደል በፊደል ተጣምሮ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። አጭር ሲሆን ግን አያያዙ ይላላል።

በ1980ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ክሎድ ኤሌንና ባልደረቦቹ ሁለቱን ዘዴዎች አጋቡ። እንደ ሆሚዲየም በፊደላት መካከል የሚሰካውን አክሪዲንን ከአንቲሴንሱ ጫፍ ጋር አያያዙት፤ ፊደላቱ ዒላማውን ሲያገኙ አክሪዲኑ ጥምሩን ያጠብቃል። በ1987 ከፈተሹባቸው ፍጥረታት አንዱ ራሱ ትራይፓኖሶም ነበር። የዚህ ጥገኛ መልእክተኛ አርኤንኤዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት 39 ፊደላት ስለሚጀምሩ አንድ ቅንጣት ሁሉንም ሊደርስ ይችላል። በቤተ ሙከራ ያደጉት ጥገኞችም ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ አንቲሴንስ በሌላ መንገድ፣ በራሱ የኬሚካል አጥንት ማሻሻያ ጠነከረ። በ1998 ለዓይን ኢንፌክሽን ፎሚቪርሰን፣ በ2016 ለአከርካሪ ጡንቻ መመንመን ኑሲነርሰን በአሜሪካ ተፈቀዱ። ለከብት ገንዲ የተፈቀደ አንቲሴንስ ግን እስካሁን የለም።

የወለጋ አርሶ አደር በእጁ ያለው የ1950ዎቹ መርፌ ብቻ ነው፤ በጊቤ ሸለቆ ደግሞ ጥገኛው እነዚህን መድኃኒቶች መላመዱ ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታይቷል። ስለዚህ የከብቱን ክብደት ያልመጠነ መርፌ መውጋት ይቁም፤ የዝንብ ወጥመዱም ይጠናከር። አዲስ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ያለውን ማባከን አንችልም።