ምደባ

«ምደባ ወጣ!» ሲባል ነቀምቴ፣ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ቃሉ «መደበ» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ቦታና ድርሻ መስጠት ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ሐኪም መሆን የምትሹ ልጆች፣ ጅማንና ጎንደርን ከላይ ብትጽፉ አይከፋም፤ ግን በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን ወለጋ ዩኒቨርሲቲን አትዝለሉት፤ ሕክምና እዚያም ይሰጣል።

ዋናው ምደባ ግን ከገባችሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ወደ ሕክምና የሚገባው በዚያ ዓመት ውጤትም ተወዳድሮ ነው። አንድ ሴሚስተር ከተዘናጋችሁ ማካካሱ ይከብዳል። የትምህርት ክፍል ስትሞሉም ከሕክምና ቀጥሎ የምትጽፉት፣ ፋርማሲም ይሁን ነርሲንግ፣ ቢደርሳችሁ ከልባችሁ የምትማሩት ይሁን።