ጦር የጨበጠው ጭልፊት

ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ፣ ሎንደን ውስጥ፣ በ1484 የተቋቋመ የዓርማ ኮሌጅ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሥራው የእንግሊዝ ቤተሰቦችን ዓርማና የትውልድ ሐረግ መመዝገብ ነው። ከዚያ ሁሉ መዝገብ ልቤን የሚስቡት ግን ኦክቶበር 20 ቀን 1596 የተጻፉ ሁለት ረቂቆች ናቸው። ዓርማው የተሰጠው የስትራትፎርዱ ጓንት ሠሪ ለጆን ሼክስፒር፣ ለገጣሚው አባት ነው።

ረቂቁ የጆን አባቶች ለንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ በታማኝነት አገልግለው ተሸልመዋል ይላል። ሊቃውንት የንጉሡን መዛግብት ቢያገላብጡም ሽልማቱን አላገኙትም። የስኒተርፊልድ መንደር ሰነዶች የሚያሳዩን ሌላ አያት ነው፤ ሪቻርድ የሚባል፣ የሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ። የመሬቱ ጌታ ሮበርት አርደን ሲሆን፣ ልጁ ሜሪ ኋላ የገጣሚው እናት ሆናለች። ሰባት ቤት በቃል ስንቆጥር እኛስ ጭሰኛውን አያት ዘልለን ባላባቱን አናስቀድምምን? እኔ በበኩሌ የዓርማ ጸሐፊ ካሞገሰው አያት ይልቅ የመሬት ኪራይ ሰነድ የመሰከረለትን አምናለሁ።

ዓርማው ራሱ ውብ ነው። በወርቃማ ጋሻ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ጦር፣ ከጋሻው በላይ ክንፉን የዘረጋ፣ ጦር የጨበጠ ጭልፊት። ሼክስፒር ማለት «ጦር ነቅናቂ» እንደ ማለት ነውና ሥዕሉ በስሙ ይጫወታል። በ1602 ራልፍ ብሩክ የተባለ የዓርማ ሹም፣ አለቃው ዊልያም ዴቲክ ለማይገባቸው ሰዎች ዓርማ አድሏል ብሎ ሲከስስ የሼክስፒርን ስም ከዝርዝሩ አስገባ። ዴቲክና ባልደረባው ካምደን፣ ጆን በከተማው የተሾመ፣ የአርደንን ወራሽ ልጅ ያገባ ሰው ነው ሲሉ መለሱ። ስለ ንጉሡ ሽልማት ከመናገር ይህን መምረጣቸው ብልህነት ይመስለኛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የስትራትፎርድ ደብር የቀብር መዝገብ ነው። የገጣሚው ብቸኛ ወንድ ልጅ ሃምኔት፣ በ11 ዓመቱ፣ ኦገስት 11 ቀን 1596 ተቀበረ ይላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው ዓርማ የተጻፈው ወራሹ ከተቀበረ ከ70 ቀን በኋላ ነው። የገጣሚው የመጨረሻ ተወላጅ፣ የልጅ ልጁ ኤልሳቤጥ፣ በ1670 ያለ ልጅ አረፈች። ጭልፊቱ ዛሬም በስትራትፎርድ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከገጣሚው ምስል በላይ፣ ጦሩን እንደጨበጠ ይታያል።