የጥርስ ራጅ መሣሪያ ማሻሻል፦ ከግዢው በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

ጎንደር፦ የጥርስ ሐኪም በጥርሶች መካከል የተሰወረ መቦርቦርንና በጥርስ ሥር የቋጠረ መግልን የሚለየው በራጅ ምርመራ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው የዓድዋ ድል በተመዘገበበት በ1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የአገሩ ልጅ የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የራሱን ጥርሶች በራጅ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዛሬ ይኸው ሥራ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይከናወናል።

በፊልም የሚሠራ መሣሪያ ጨለማ ክፍልና ማጠቢያ ኬሚካል ይፈልጋል። ከአጠባው በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ብር፣ የፊልሙ መሸፈኛ ደግሞ እርሳስ ስላለባቸው አወጋገዳቸው ጥንቃቄን ይሻል። ምስሉ ከተበላሸም ታካሚው በድጋሚ ለጨረራ ይጋለጣል። ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ከምትገኘው ወለቃ ወይም ከዚያ ርቆ ካለው ደጋ ለሕክምና ወደ ከተማ ለመጣ ሰው፣ ይህ ተጨማሪ የትራንስፖርት ወጪና የባከነ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል መሣሪያ ምስሉን ወዲያውኑ በኮምፒዩተር ያሳያል፤ የሚፈልገው ጨረራም ከፊልም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ምስል ተቀባዩን ብቻ ገዝቶ በነባሩ ራጅ መጠቀም ሁልጊዜ አያዋጣም። የነባሩ መሣሪያ ሰዓት መቆጣጠሪያ በጣም አጭር ጊዜ መመጠን ካልቻለ ታካሚው እንደቀድሞው ከሚያስፈልገው በላይ ጨረራ ይደርሰዋል። የጨረራ መውጫውን ከክብ ወደ አራት ማዕዘን መለወጥ ግን በአነስተኛ ወጪ የሚጋለጠውን የፊት ክፍል በእጅጉ ይቀንሳል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የጨረራ ወሰን ለሠራተኞች በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለኅብረተሰቡ ደግሞ 1 ሚሊሲቨርት ነው። በኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 መሠረት የጨረራ መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ነው።

በመሆኑም የግዢ ዕቅድ የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ከመሣሪያው ዋጋ በተጨማሪ ለኃይል መቆራረጥና መዋዠቅ መከላከያ፣ ለክፍሉ ዝግጅት፣ ለባለሙያ ሥልጠና፣ ለየጊዜው ፍተሻና ለመለዋወጫ በጀት መያዝ ይኖርባቸዋል። እነዚህ ካልተሟሉ አዲሱ መሣሪያ ያለ አገልግሎት ሊቀመጥ፣ አልያም የታካሚውን የጨረራ መጠን ሳይቀንስ ሊሠራ ይችላል።