«ትነት ማቆያ»፦ የቤንዚን ሽታና የቼክ ኢንጂን መብራት በይፋት መንገድ

መካኒኮች የመኪናን ስሕተት በኮምፒውተር ሲያነቡ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ «ኢቫፕ»። ባለመኪናው «ኢቫፕ ነው» ሲባል ምን እንደተባለ ሳይገባው ከፍሎ ይሄዳል፤ አለዚያም «ችግር የለውም፣ መብራት ብቻ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሁለቱም አይጠቅሙትም። ጉዳዩ ቤንዚን ነው፤ በቤንዚን ሽታና በእሳት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ቃሉን ጋራዥ ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን መሪ የሚይዝ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። በአማርኛ «ትነት ማቆያ» እንድንለውም ሐሳብ አቀርባለሁ።

ቤንዚን ተረጋግቶ የሚቀመጥ ፈሳሽ አይደለም። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ሳልባትዮው ውስጥ ይተናል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ብርድ ሳይቀር እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ስለሚሰጥ ከጣርማ በር ብርድ ጀምሮ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ድረስ ከዚህ ጠባዩ የሚያሳርፈው ቦታ የለም። ትነቱ ከአየር ሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። በንኖ ወደ ሰማይ በመሄድ ፈንታ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ጉድጓድ ውስጥና በተዘጋ ጋራዥ ወለል ላይ ይተኛል። ከመቶ የአየር እጅ 1.4 ያህሉ የቤንዚን ትነት ከሆነ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍጣ በዚህ ረገድ ሌላ ነው፤ የሚቀጣጠል ትነት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ስላለበት ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ቤንዚን የሚነዱትን ነው።

ይህን ትነት የሚይዘው የትነት ማቆያው አሠራር ይህን ይመስላል። ከሳልባትዮው አናት የሚነሣ ቱቦ ትነቱን ወደ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ጣሳ ይወስደዋል፤ መካኒኮች ካኒስተር ይሉታል። ጣሳው ውስጥ ያለው ከሰል ነው፤ ለምድጃ የምናውቀው ዓይነት ሳይሆን አካሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲሞላ ተደርጎ የተዘጋጀ። ትነቱ ከከሰሉ ጋር ተጣብቆ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ የመኪናው ኮምፒውተር ፐርጅ ቫልቭ የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ይከፍታል፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ትነቱ ከከሰሉ ተላቅቆ ወደ ሞተሩ ይገባና ይቃጠላል። ከሰሉም ለሚቀጥለው ሌሊት ነጻ ይሆናል።

የአማርኛውን ስም የመረጥሁት ከዚህ አሠራር ነው። «የትነት ልቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓት» ማለት ይቻላል፤ ግን ኮፈን ከፍቶ ያጎነበሰ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም። አንዳንዶች ደግሞ ጣሳውን ፊልትሮ ይሉታል፤ ይህ ያሳስታል፤ ባለመኪናው እንደ አየር ፊልትሮ በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ ይመስለዋል። «ማቆያ» ግን የሕፃናት ማቆያ፣ ለይቶ ማቆያ ስንል የለመድነው ቃል ነው፤ ለጊዜው ይዞ በኋላ ማስረከብን ይገልጻል። ለጣሳው «የከሰል ጣሳ»፣ ለቫልቩ «ትነት መልቀቂያ» ብንል ሦስቱ ስሞች አብረው ይሄዳሉ።

ዕቃው የተወለደው ከጭስ ችግር ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ አየር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓይን እያቃጠለ ሲያስቸግር አሪ ሃገን ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ምክንያቱ የፀሐይ ብርሃን ከመኪናና ከነዳጅ በሚወጡ ጋዞች ላይ የሚሠራው ሥራ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ በካሊፎርኒያ ከ1970፣ በመላው አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ትነታቸውን እንዲይዙ ተደረገ። በእኛ አገር ግን ለረጅም ዘመን መንገዱን የያዙት ቮልስና ላዳ ነበሩ፤ የነዚያ መኪኖች ሽታ የኖረ ነገር ስለነበረ «ቤንዚን የሚበላ መኪና ትንሽ መሽተቱ አይቀርም» የሚል አመለካከት ወርሰናል። ዛሬ ኢንጀክተር ላለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይህ አመለካከት አይሠራም። ጤነኛ ከሆነ መሽተት የለበትም።

አሁን ወደ መብራቱ። የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫው መብራት፣ ሁላችንም ቼክ ኢንጂን የምንለው፣ ኮምፒውተሩ አንድ ስሕተት መዝግቦ መያዙን ይናገራል። ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ ላይ የሚሸጡ መኪኖች ስሕተቱን በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲመዘግቡ ተገድደዋል፤ ከመሪው በታች ባለው 16 ጥርስ ሶኬት ማንበቢያ ተሰክቶ የሚታየው እሱ ነው። ፒ0455 ከመጣ ከትነት ማቆያው ትልቅ ማፈትለክ አለ ማለት ነው፤ ፒ0442 ትንሽ ነው፤ ፒ0456 እጅግ ትንሽ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ። ፒ0457 የነዳጅ ክዳኑን እዩ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሽታና መብራት ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ ዝም ስላለ ሌላው ዋሸ አይባልም። ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ ገበያ የመጡ ብዙ መኪኖች የከሰል ጣሳ አላቸው፤ ቀዳዳ መኖሩን የሚፈትሽ መሣሪያ ግን የላቸውም። ስለዚህ ቪትዝ ሳልባትዮው ላይ ያለው ጎሚኒ ተሰንጥቆ ቤቱን ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን እያሸተተ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ላይበራ ይችላል። ለአሜሪካ የተሠራ ኮሮላ በተቃራኒው አፍንጫ ጨርሶ ለማይደርስበት ቀዳዳ ያበራል። መብራት አልበራም ብሎ ሽታን መተው ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው አጣዬ፣ ከእሷ በፊት ያለችው ሸዋ ሮቢትም፣ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል፤ ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቶዮታን የመሰሉ አምራቾች የትነት ማቆያውን ፍተሻ ከ2,400 ሜትር በላይ እንዳይካሄድ አድርገው ነው ኮምፒውተሩን ያዘጋጁት፤ በስስ አየር ውስጥ የሚለካው ግፊት ስለማያስተማምን። ለአሜሪካ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ፍተሻውን የሚያካሂዱት ቁልፍ ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ሞተሩና ቤንዚኑ ከ35 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዙ። ስሕተቱ መብራት ለማብራት ደግሞ በሁለት ተከታታይ ፍተሻ መገኘት አለበት።

ይህን ከመንገዱ ጋር አያይዘን እንየው። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ መኪናው ቀዳዳ ይዞ ዓመት ቢቆይ ላያውቅ ይችላል፤ ከፍታው ፍተሻውን ይከለክለዋል። ለሥራ ወደ አጣዬ ወርዶ ሁለት ሌሊት ያድራል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የቆመው መኪና ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ራሱን ይፈትሻል፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ቼክ ኢንጂን ይበራል። ሰውየው የሚጠረጥረው ትናንት አጣዬ የቀዳውን ቤንዚን ነው፤ ማደያውን ይወቅሳል፣ ወይም ሙቀቱ ሞተሩን ጎዳው ይላል። ቤንዚኑም ሙቀቱም ንጹሕ ናቸው፤ አሮጌው ቀዳዳ ሊታይ የሚችልበት ቦታ ላይ ደርሶ ታየ እንጂ።

ዳገቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር ፀሐይ ሳልባትዮውን ሞልቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና የሞቀ ቤንዚን ይዞ ወደ ስስ አየር ይገባል፤ የውጩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ትነቱ ይበዛል፣ ይለጠጣል፣ መውጫ ይፈልጋል። ቱቦ የላላበት ወይም ጎሚኒው የደረቀበት መኪና የሚሸተው ብዙውን ጊዜ ደብረ ሲናን ሲያልፍ የሆነው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ክዳኑን መክፈት ካስፈለገ ቀስ ብሎ፣ ፉጨቱ እስኪያበቃ ጠብቆ ነው።

የነዳጅ እጥረት ያመጣብንን አንድ ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰልፍ ውሎ ተራው የደረሰው ሾፌር «እስከ አፉ ሙላው» ይላል፤ የመቅጃው እጀታ «ጠቅ» ብሎ ራሱን ካቋረጠ በኋላም መኪናውን እያነቀነቁ ይጨምራሉ። እጥረቱን አውቃለሁ፤ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ግን ሳልባትዮው አናት ላይ የተተወው ባዶ ቦታ ለትነት የተተወ ነው። እሱ ሲሞላ ፈሳሹ ራሱ በትነቱ ቱቦ ይሄድና የከሰል ጣሳውን ያርሰዋል። የራሰ ከሰል ትነት አይይዝም፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ አይድንም። ሁለት ሊትር ለመጨመር ተብሎ የሚበላሸው ዕቃ አዲሱ ውድ ነው፤ በቀላሉም አይገኝም። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉን የቤንዚን መኪኖች እያረጁ የሚሄዱ ናቸው፤ ዕቃቸውን መጠበቅ ግድ ነው። «ጠቅ» ሲል ማቆም።

ሽታ ሲመጣ ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምራል። ክዳኑ ጠብቋል? ጎሚኒው አልተሰነጠቀም? ሽታው ሙሉ ሳልባትዮ ሲሆን ብቻ የሚመጣና ግማሽ ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ሳልባትዮው አናት ላይ ወደሚገኘው የፓምፕ ጎሚኒ ወይም ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሽታው ውስጥ ይገባል። ነዳጅ ከቀዱ በኋላ ሞተሩ ለመነሣት የሚያስቸግርና የሚንተፋተፍ ከሆነ ትነት መልቀቂያው ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሽታው ከጭስ ማውጫ ከሆነና ጥቁር ጭስ ካለ ግን ጉዳዩ ከትነት ማቆያ ወጥቷል፤ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየወሰደ ነው፤ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር፣ የኦክስጅን ሴንሰር ይታይ።

እነ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ባሉበት በይፋት ቆላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ መኪናው ውስጥ ጀሪካን አለ ወይ? ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ለውሃ ፓምፑ ቤንዚን የሚያመጣው በጀሪካን ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በሙቀት ያብጣል፣ ክዳኑ ያፈተልካል፤ መስኮት የተዘጋ መኪና ውስጥ የ1.4 እጁ መጠን ሩቅ አይደለም። ባጃጅ ውስጥም ከተሳፋሪ እግር ሥር የሚቀመጥ ጀሪካን አያለሁ፤ በዚህ ላይ መለሳለስ አይገባም፤ ቤንዚንን እንዲህ ማጓጓዝ ሰው ይገድላል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጋራዥ እስኪደርሱ አይጠበቁም። አንደኛው ኮፈኑ ሥር የሚሸት ጥሬ ቤንዚን፣ መሬት ላይ ጠብታ ካለ ደግሞ ይበልጥ። መንገድ ዳር ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሰዎችን ማውረድና ማራቅ፣ መልሶ አለማስነሣት። «የት እንደሚያፈስ ልይ» ብሎ ክብሪት ወይም ሲጋራ ይዞ መጠጋት እንደ ቀልድ ቢሰማም የሚያደርገው አለ። ሁለተኛው የሚርገበገብ ቼክ ኢንጂን ነው። ጸንቶ የሚበራው ቀጠሮ ይሰጣል፤ የሚርገበገበው ግን በሞተሩ ውስጥ ቤንዚን ሳይቃጠል እያለፈ መሆኑን ይናገራል። ያ ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለው የጭስ ማጥሪያ (ካታሊስት) ገብቶ ያግለዋል፤ እንዲህ የጋለ መኪና ከማሽላ አገዳ ወይም ከደረቀ ሣር በላይ ማቆም ሰደድ እሳት መጥራት ነው።

ሲጠገን መካኒኩ ቱቦዎቹን በሳሙና ውሃ ወይም የጭስ ማሽን ካለው በጭስ ይፈትሻል። ክዳን ብቻ ከነበረ ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱ ወዲያው ባይጠፋ አይደንግጡ፤ ፍተሻው በሦስት ተከታታይ ጊዜ ደኅና ሆኖ ሲያልፍ ራሱ ይጠፋል። ባትሪ ነቅሎ ማጥፋት የተለመደ ቢሆንም የሚያጠፋው መዝገቡን ነው፤ ቀዳዳው በቦታው ይቆያል፣ ኮምፒውተሩም ፍተሻዎቹን ከመጀመሪያ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ያስጠገነ ሰው «መብራቱ አልተመለሰም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት መኪናውን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ አውርዶ፣ ሳልባትዮውን ግማሽ ያህል አድርጎ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት ያሳድረው። ሂሳቡን ለመካኒኩ ከዘጋ በኋላም ቢሆን፣ በዚያ ጊዜ መብራቱ ቢመለስ ኮዱን በወረቀት ጽፎ መመለስ ነው።